ኮሌጆች የሚያወጡት የኤስኤቲ ነጥብ ክልል በትክክል ምን ይነግረናል?

ጥያቄ ከ«የተማሪ እናት»

እንደምን ሰነበታችሁ። ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ እዚህ አሜሪካ ውስጥ ተማሪ መርጠው ለሚቀበሉ ኮሌጆች የሚልካቸውን ማመልከቻዎች በማዘጋጀት ላይ ይገኛል። ኤስኤቲን፣ ማለትም ንባብና ጽሑፍ እና ሒሳብ እያንዳንዳቸው እስከ 800 የሚታሰቡበትን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ ሁለት ጊዜ ወስዷል። በማርች ወር በንባብና ጽሑፍ 690፣ በሒሳብ 710 አመጣ፤ በጁን ሲደግመው ንባብና ጽሑፉ ወደ 670 ወርዶ ሒሳቡ ወደ 740 ከፍ አለለት። ከሁለቱ ቀናት የተሻለ የተሻለውን ወስደን ስንደምር 1430 ይሆናል፤ ይህም «ሱፐርስኮር» እንደሚባልና ብዙ ኮሌጆች እንደሚቀበሉት ከትምህርት ቤቱ ካውንስለር ሰምተናል።

ያሳሰበኝ ነገር የተፈጠረው ባለፈው ቅዳሜ ማታ ነው። ልጄ ሊያመለክትባቸው ያሰባቸውን ዘጠኝ ኮሌጆች በአንድ ወረቀት ላይ በእጁ ዘርዝሮ፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ኮሌጁ ያወጣውን የነጥብ ክልል አሰፈረ። ከዚያም ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ፣ 1490–1560 ከተጻፈበት ኮሌጅ ጀምሮ አራቱን አንድ በአንድ ሰረዛቸው። ምክንያቱን ብጠይቀው «1430 ከ1490 ያንሳል፣ በቃ» ከማለት ሌላ የሰጠኝ መልስ አልነበረም። ከሰረዛቸው አንዱ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ስሙን ከአፉ ያልነጠለው ኮሌጅ ነው። በአንጻሩ 1290–1440 ከሚለው ኮሌጅ ጎን «እርግጠኛ» ብሎ ጻፈ፤ የእርሱ ነጥብ ከላይኛው ቁጥር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ መግባቱን የተረጋገጠ ነገር አድርጎ ወስዶታል።

ከዚህ ቀደም ገንዘብ ከፍለን ያነጋገርነው አንድ የግል አማካሪም «ከታችኛው ቁጥር በታች ከሆናችሁ የማመልከቻ ክፍያችሁን አታባክኑ» ብሎን ነበር። እኔ ግን ነገሩ አልተዋጠልኝም። ታችኛው ቁጥር የመጨረሻው መግቢያ ከሆነ «ከዚህ በታች አንቀበልም» ብለው በግልጽ ለምን አይጽፉትም? ከሰረዛቸው አራት ኮሌጆች ሦስቱ ደግሞ ፈተናውን መላክ በአመልካቹ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ይገልጻሉ፤ እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ የማንን ነጥብ ነው የሚያሳየው? ልጄስ 1430ውን መላክ ይሻለዋል ወይስ መተው? የምታውቁ ብትመልሱልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ ከ«የስታቲስቲክስ መምህር»

እህቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ልጅዎ የሠራውን ስሕተትም ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲሠሩት አይቻለሁ። መቁረጫ ነጥብ የሚባለውን አሠራር ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፎ ስናይ ታችኛውን መቁረጫ፣ ላይኛውን ደግሞ ማረጋገጫ አድርገን እንወስዳለን። እነዚህ ቁጥሮች ግን አንዱንም አይደሉም።

1490–1560 ማለት 25ኛው እና 75ኛው ፐርሰንታይል ነው። ነጥባቸው የተቆጠረላቸውን ተማሪዎች ሁሉ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው በአንድ መስመር ብናሰልፋቸው፣ የመስመሩ ሩብ ላይ የቆመው ተማሪ 1490፣ ሦስት አራተኛው ላይ የቆመው ደግሞ 1560 አለው ማለት ነው። ስለዚህ ከገቡት አራት ተማሪዎች አንዱ 1490 ወይም ከዚያ በታች ይዞ ገብቷል። ይህ ሩብ በክልሉ ውስጥ ስላልተጻፈ የሌለ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያው ኮሌጅ ተመዝግቦ እየተማረ ነው። ሩቡ እስከ ምን ድረስ እንደሚወርድ፣ ማለትም 1470 ላይ ይቁም 1250 ላይ፣ ክልሉ ብቻውን አይነግረንም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ የተቆጠሩት እነማን ናቸው የሚለው ነው። ኮሌጆች በየዓመቱ ስለ ተማሪዎቻቸው በሚያወጡት የኮመን ዳታ ሴት ሰነድ ውስጥ ያለው ክልል የተመዘገቡትን አዲስ ተማሪዎች የሚመለከት ነው፤ ተቀባይነት አግኝተው ሌላ ኮሌጅ የመረጡት አይካተቱበትም። ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ከበርካታ ኮሌጆች የመቀበያ ደብዳቤ ስለሚደርሳቸውና በመጨረሻ ወደ አንዱ ብቻ ስለሚሄዱ፣ «የተቀበልናቸው» በሚል የሚወጣው ክልል «የተመዘገቡት» ከሚለው ከፍ ብሎ ይገኛል። ልጅዎ ዘጠኙን ቁጥሮች ከየድረ ገጹ ሲሰበስብ ሁለቱን ዓይነቶች ቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ከማወዳደሩ በፊት ይህን መለየት ይገባዋል።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ የሒሳብ ጉዳይም አለ። አንዳንድ ሰነዶች የጠቅላላውን ነጥብ ክልል ሳይሰጡ የንባብና ጽሑፍን እና የሒሳብን ክልል ለየብቻ ያቀርባሉ፤ አንባቢውም ታችኛውን ከታችኛው፣ ላይኛውን ከላይኛው ጋር ይደምራል። ይህ ድምር ትክክለኛውን ክልል አይሰጥም። ስምንት ተማሪዎች ብቻ ያሉበት ኮሌጅ እንበል፤ አራቱ በንባብ 800 እና በሒሳብ 600፣ ሌሎቹ አራቱ በንባብ 600 እና በሒሳብ 800 አላቸው። በየክፍሉ ሩቡ ላይ ያለው ነጥብ 600፣ ሦስት አራተኛው ላይ ያለው 800 ነው፤ ብንደምራቸው 1200–1600 እናገኛለን። ስምንቱም ተማሪዎች ግን እያንዳንዳቸው ጠቅላላ ነጥባቸው ልክ 1400 ነው። እውነተኛ ኮሌጆች ውስጥ ልዩነቱ ይህን ያህል ባይሰፋም፣ ደምሮ የተገኘው ታችኛ ቁጥር ከእውነተኛው ዝቅ፣ ላይኛው ደግሞ ከፍ የማለት ዝንባሌ አለው።

ክልሉ ከጣሪያው ጋር ሲጋጭም ትርጉሙ ይለወጣል። ኤምአይቲ በቅርብ ዓመታት ለሒሳብ ያወጣው 780–800 ነው። 75ኛው ፐርሰንታይል 800 ላይ ከሆነ፣ ቢያንስ ሩቡ ተማሪ የመጨረሻውን ነጥብ አምጥቷል ማለት ነው፤ በ780 እና በ800 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ጥቂት ጥያቄዎች ብቻ ነው። የኤስኤቲ አዘጋጅ የሆነው ኮሌጅ ቦርድ ራሱ ለተማሪው በሚሰጠው የውጤት መግለጫ ላይ ከነጥቡ ጎን ክልል ያስቀምጣል፤ ያው ተማሪ በሌላ ቀን ቢፈተን ጠቅላላ ነጥቡ በሁለቱም አቅጣጫ ወደ 40 ገደማ ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ለማሳየት ነው። የልጅዎ ንባብና ጽሑፍ በጥቂት ወራት ልዩነት ከ690 ወደ 670 መውረዱ ችሎታው ወርዷል ማለት አይደለም፤ ፈተናው ከዚህ የጠበቀ ልኬት መስጠት ስለማይችል ነው።

ከሁሉ በላይ ልጅዎ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው የሚከተለውን ነው። ክልሉ የሚመልሰው «ከገቡት ውስጥ ምን ያህሉ ይህን ነጥብ ይዘዋል» የሚለውን ጥያቄ ነው። ልጅዎ ማወቅ የሚፈልገው ግን «ይህን ነጥብ ከያዙት አመልካቾች ምን ያህሉ ገብተዋል» የሚለውን ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ይመስላሉ እንጂ መልሳቸው ፈጽሞ ሊራራቅ ይችላል። አንድ ኮሌጅ ከ1500 በላይ ያላቸውን 400 ተማሪዎች ቢቀበልና ከ1500 በላይ ይዘው ያመለከቱት 6,000 ቢሆኑ፣ ያንን ነጥብ መያዝ ከ15 አንድ ዕድል ያህል ነው። ከፍተኛው ቁጥር ላይ መድረስ መግባትን የማያረጋግጠው፣ ከታችኛው በታች መሆንም በሩን የማይዘጋው በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ ከ«የቀድሞ ካውንስለር»

መምህሩ የሒሳቡን ጎን በሚገባ ስላስረዱ እኔ በቢሮ ውስጥ ያየሁትን ልጨምር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በካውንስለርነት ስሠራ ተማሪዎች ራሳቸውን አስቀድመው ሲሰርዙ ማየት ከሥራዬ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ክፍል ነበር። የሚሰርዙትም ብዙውን ጊዜ ኮሌጅ የገባ ሰው በቤታቸው የሌላቸው፣ ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ የሚነግራቸው ያላገኙ ልጆች ነበሩ።

በመጀመሪያ ወደ ምንጩ መሄድ ያስፈልጋል። የኮሌጁን ስምና «ኮመን ዳታ ሴት» የሚለውን አንድ ላይ ብትፈልጉ አብዛኞቹ ኮሌጆች በየዓመቱ የሚያወጡትን ሰነድ ታገኛላችሁ። ሰነዱ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ቅጽ የሚሞላ ስለሆነ ኮሌጆችን ለማወዳደር ይመቻል። ሲ9 የተባለውን ክፍል ስትከፍቱ ዓይናችሁ በቀጥታ ወደ ነጥቡ ይሄዳል፤ እኔ ግን አስቀድማችሁ ከነጥቡ በላይ ያለውን መስመር እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። ከአዲስ ገቢዎቹ ስንት በመቶው ኤስኤቲ፣ ስንት በመቶው ኤሲቲ የተባለውን ሌላ የመግቢያ ፈተና እንደላኩ የተጻፈው እዚያ ነው። ያንን ሳያውቁ ክልሉን ማንበብ፣ ከአንድ ክፍል ተማሪዎች እጃቸውን ያወጡትን ብቻ ጠይቆ ስለ ክፍሉ ሁሉ እንደመናገር ነው።

ፈተናው በፈቃድ የሚላክባቸው ኮሌጆች ቀድሞም ነበሩ፤ ቦውዶይን ኮሌጅ ይህን የጀመረው በ1969 ነው። ነገሩ በስፋት የተለወጠው ግን በ2020 ወረርሽኙ የፈተና ጣቢያዎችን ሲዘጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ከፍተኛ ነጥብ ያለው ተማሪ ይልካል፣ ዝቅ ያለ የመሰለው ይተዋል። የሚላኩት ነጥቦች እየተመረጡ ስለሚላኩ ታችኛው ቁጥር ሽቅብ ይወጣል፤ የሚቀጥለው ዓመት አመልካች ያንን ከፍ ያለ ቁጥር አይቶ እርሱም ይተዋል፤ በዚህ ሁኔታ ክልሉ የተማሪዎቹ ችሎታ ሳይለወጥ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ወደ ላይ ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ፖሊሲው ከኮሌጅ ኮሌጅ የተለያየ ነው። ኤምአይቲ በማርች 2022 ፈተናውን ግዴታ አድርጎ መልሷል፤ ዳርትመዝ፣ ዬል፣ ብራውን እና ሃርቫርድ በ2024 የመጀመሪያዎቹ ወራት ተከታትለው ወደ ግዴታ ተመልሰዋል፤ ዬል ያኔ ከኤስኤቲና ከኤሲቲ በተጨማሪ ሌሎች ፈተናዎችንም በአማራጭነት እንደሚቀበል አስታውቋል። ኮሎምቢያ በበኩሉ በ2023 በፈቃድ መላክን ቋሚ አድርጎታል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ደግሞ ለመቀበል ሲወስኑ ነጥቡን ጨርሶ አያዩትም፤ ስለዚህ በርክሊ ወይም ዩሲኤልኤ ከሚለው ስም ጎን አንድ ድረ ገጽ ላይ የቆየ ክልል ብታገኙ ለውሳኔያችሁ ምንም አይጠቅምም። የምታነቡት ክልል ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በፊት የገቡትን የሚመለከት መሆኑንም አትርሱ፤ በመካከሉ ኮሌጁ ፖሊሲውን ለውጦ ከሆነ ቁጥሩ የሌላ ዘመን ቁጥር ነው።

ታችኛውን ሩብ በተመለከተ ለእናንተ እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። የሲ9 መመሪያ በልዩ ሁኔታ የተቀበሏቸውን ተማሪዎች ጭምር እንዲያካትቱ ኮሌጆቹን ያዛል። ስለዚህ በዚያ ሩብ ውስጥ ለስፖርት ቡድን የተመለመሉ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ልጆች የሆኑና ሌላ ልዩ ምክንያት ያላቸው ይገኛሉ። አንድ ተራ አመልካች ከታችኛው ቁጥር በታች ሆኖ ሲያመለክት ሩቡ ቦታ በሙሉ ለእርሱ ክፍት ነው ብሎ ማሰብ የለበትም። በዚያው ሩብ ውስጥ ግን ትምህርት ቤታቸው ብዙ ሳይሰጣቸው ብዙ የሠሩ ልጆችም አሉ፤ እኔ ራሴ ማመልከቻቸውን አብሬያቸው ያዘጋጀኋቸው አሉበት።

ይላክ ወይስ ይቅር ለሚለው፣ የእኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ነጥቡ በክልሉ ውስጥ ከሆነ፣ ታችኛው ቁጥር ላይ ቢሆን እንኳ፣ ይላክ። ከክልሉ በታች ከሆነ ደግሞ ከመወሰናችሁ በፊት የልጁን ትምህርት ቤት ተመልከቱ። ካውንስለሩ ከትራንስክሪፕቱ (ከክፍል ውጤት መዝገቡ) ጋር የትምህርት ቤቱን መግለጫ ይልካል፤ በዚያ መግለጫ ላይ የትምህርት ቤቱ አማካይ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። አማካዩ 1050 በሆነበት ትምህርት ቤት 1430 ያመጣ ልጅ እና አማካዩ 1400 በሆነበት 1430 ያመጣ ልጅ በአንባቢው ዓይን እኩል አይደሉም። ዳርትመዝ በፌብሩዋሪ 2024 ፈተናውን ግዴታ ሲያደርግ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ የራሱ ምሁራን ባደረጉት ጥናት፣ አቅሙ ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰብ የመጡ አመልካቾች በ1400ዎቹ ውስጥ ያለና ሊጠቅማቸው ይችል የነበረ ነጥብ ሳይልኩ መቅረታቸውን አገኙ። ያልላኩትም ነጥባችን ያንሳል ብለው ስላሰቡ ሳይሆን አይቀርም።

መልስ ከ«የሁለተኛ ዓመት ተማሪ»

እናቴ፣ እኔ ከሁለት ዓመት በፊት በልጅዎ ቦታ ነበርኩ። ነጥቤ 1420 ነበር። እጅግ የምፈልገው ኮሌጅ 1470–1550 ብሎ ስላወጣ፣ ፈተናውም በፈቃድ ስለነበር፣ ሳልልከው ቀረሁ። አልተቀበሉኝም። ብልከው ይቀበሉኝ ነበር ብዬ ለመናገር አልችልም፤ እንዲህ ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም። የሚቆጨኝ የወሰንኩበት መንገድ ነው። በስልኬ ላይ አንድ ገጽ ከፍቼ ሁለት ቁጥር አየሁ፤ ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ «አልልክም» የሚለውን ምልክት አደረግሁ። ስንት በመቶው እንደላከ አላየሁም፤ ከትምህርት ቤቴ ኤስኤቲ ከወሰዱት ሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ ካመጡት አንዷ መሆኔንም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

አሁን የምማርበት ኮሌጅም 1450 የሚጀምር ክልል ነበረው፤ ለእርሱ ግን ነጥቤን ልኬ ነው የገባሁት። በመኝታ ክፍሌ ትይዩ የምትኖረው ጓደኛዬ 1390 ልካ እንደገባች የነገረችኝ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው። እባክዎ ለልጅዎ ይህን ይንገሩት፤ የሰረዘውን ኮሌጅ ደግሞ ይመልሰው።

«የተማሪ እናት» በድጋሚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ከልጄ ጋር አብረን አነበብናቸው፤ ወዲያውም 1490–1560 ያለውን ኮሌጅ ሰነድ ፈልገን ሲ9ን ከፈትን። ኤስኤቲ የላኩት 41 በመቶ፣ ኤሲቲ የላኩት 17 በመቶ ይላል። ልጄ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቁጥሩን ሲያይ ቆይቶ «የቀሩትስ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ልመልስለት አልቻልኩም። «እርግጠኛ» ብሎ የጻፈበትን ኮሌጅ ስናይ ደግሞ 78 በመቶው ኤስኤቲ ልኳል፤ ከሚያመለክቱት ግን የሚቀበለው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነው። ልጄ ማጥናት የሚፈልገው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። እነዚህን ቁጥሮች እንዴት እናንብባቸው?

መልስ ከ«የስታቲስቲክስ መምህር»

የልጅዎ «የቀሩትስ?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። 41 እና 17 ሲደመሩ 58 ናቸው፤ ሁለቱንም ፈተና የላኩ ካሉ ግን ሁለት ጊዜ ስለሚቆጠሩ፣ ነጥብ የላከው ተማሪ ከ58 በመቶ ሊያንስ ይችላል እንጂ አይበልጥም። ስለዚህ ቢያንስ 42 በመቶው ምንም ሳይልክ ገብቷል።

1,000 አዲስ ተማሪዎች ገቡ እንበል። 1490–1560 የሚገልጸው 410ሩን ብቻ ነው፤ ከእነርሱም 102 ያህሉ 1490 ወይም ከዚያ በታች አላቸው። ነጥብ ያልላኩት 420ዎቹ ቢፈተኑ ምን ያህል ያመጡ እንደነበር አናውቅም። እስከ መጨረሻው ድረስ ለጥጠን ሁሉም ከ1490 በታች ናቸው ብንል፣ ኤሲቲ የላኩትን 170ዎቹን ትተን ከቀሩት 830 ተማሪዎች 522ቱ፣ ማለትም ከ100 ወደ 63 የሚሆኑት፣ ከታችኛው ቁጥር ያልበለጡ ይሆናሉ። እውነቱ በሩብ እና በዚህ መካከል አንድ ቦታ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ከገጹ ላይ 25 በመቶ ብቻ የሚመስለው ነገር ከግማሽ በላይም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ግን ለመግባት ቀላል ነው ማለት እንዳልሆነ ልጅዎ ይረዳ፤ ነጥብ ያልላኩት የገቡት በሌላ ብርቱ ነገር ነው።

የኤሲቲውንም ክልል መጠቀም ትችላላችሁ። ኮሌጅ ቦርድና ኤሲቲ በ2018 በጋራ ባወጡት የማመሳከሪያ ሰንጠረዥ መሠረት 1430 ከኤሲቲ 32 ጋር ይመሳሰላል። ኮሌጁ ለኤሲቲ 33–35 ብሎ ከሆነ፣ ልጅዎ በአንድ ነጥብ ነው የሚያንሰው፤ በኤስኤቲው 60 ነጥብ ሲባል ርቀቱ ይበልጥ ያስፈራል። ሱፐርስኮሩን በተመለከተም አይጨነቁ። የኮመን ዳታ ሴት መመሪያ ኮሌጆች ነጥቡን በሚጠቀሙበት መንገድ እንዲያቀርቡት ስለሚያዝ፣ ሱፐርስኮር የሚቀበል ኮሌጅ የሚያወጣው ክልልም ከየቀኑ የተሻለውን በመውሰድ የተሠራ ነው፤ 1430ውን ከእርሱ ጋር ማወዳደር ተገቢ ነው።

መልስ ከ«የቀድሞ ካውንስለር»

«እርግጠኛ» የሚለውን ቃል ከወረቀቱ ላይ አጥፉት። ከሦስት አመልካች ሁለቱን የሚመልስ ኮሌጅ ለማንም እርግጠኛ አይደለም። በተጨማሪም የሚታተመው ክልል ለኮሌጁ በጠቅላላ ነው፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግን አመልካቹን በሚያመለክትበት የትምህርት ክፍል ለይተው ያወዳድራሉ። ካርኔጊ ሜለን ለምሳሌ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ቤቱን አመልካቾች ለብቻ ያያል። የልጅዎ ኮሌጅም እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ የሚገቡት ተማሪዎች ሒሳብ ከጠቅላላው ክልል ከፍ ብሎ ሊገኝ ስለሚችል፣ ለቅበላ ቢሮው ኢሜይል ጽፋችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ አመልካቹን አይጎዳውም።

በዚያው ሰነድ ውስጥ ሲ7 የሚባለውንም ክፍል አብራችሁ እዩ። ኮሌጁ የትምህርቱን ክብደት፣ የክፍል ውጤትን፣ ድርሰትን፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤን፣ የፈተና ነጥብንና ሌሎችንም እያንዳንዳቸውን «እጅግ አስፈላጊ»፣ «አስፈላጊ»፣ «ከግምት የሚገባ» ወይም «ከግምት የማይገባ» ብሎ ምልክት ያደርግባቸዋል። ከተሰረዙት አራቱ ውስጥ ነጥብን «ከግምት የሚገባ» ብቻ ያለ ኮሌጅ ካለ፣ ልጅዎ ቀሪ ጊዜውን ለድርሰቱ ቢያውል ይሻለዋል እላለሁ። «እጅግ አስፈላጊ» ያለ ካለ ደግሞ ቀነ ገደቡ ከፈቀደ በኦክቶበር ፈተናውን እንደገና ወስዶ ንባብና ጽሑፉ ላይ ቢያተኩር ጥሩ ነው፤ ሒሳቡ 740 ስለተያዘለት፣ ንባቡ ወደ 720 ከፍ ቢል ሱፐርስኮሩ 1460 ይሆናል።

መላክና አለመላክ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ለየብቻ የሚወሰን ነው፤ ለአንዱ መላክ ለሌላው ከመተው አያግደውም። ብዙ ኮሌጆች ተማሪው ነጥቡን በማመልከቻው ላይ ራሱ እንዲጽፍ ይፈቅዳሉ፤ ከኮሌጅ ቦርድ የሚመጣውን ይፋዊ ቅጂ የሚጠይቁት ተቀባይነት አግኝቶ ሊመዘገብ ሲል ነው። ስለዚህ እነዚህን ኮሌጆች ለይታችሁ ከያዛችሁ ለእያንዳንዱ የመላኪያ ክፍያ አሁን መክፈል አይጠበቅባችሁም። ልጅዎ ሰኞ ዕለት ከካውንስለሩ የትምህርት ቤቱን መግለጫ ቅጂ ተቀብሎ አማካይ ነጥቡን እዚህ ቢጽፍልን፣ ለተሰረዙት አራት ኮሌጆች አንድ በአንድ አይተን የምናስበውን እንነግራችኋለን።